ለድሬ ግቢ ጥላ፦ የወይን ዳስ ወይስ ዛፍ?

ግንቦት ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ድሬዳዋ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ የሚያስበው ጥላ ነው። ቆርቆሮው ይንጣጣል። የሲሚንቶው ወለል በባዶ እግር አይረገጥም። ቤት ውስጥ ያለው ፋን ትኩስ አየር ከማማሰል በቀር የሚፈይደው የለም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ መድረሱ እዚህ የተለመደ ነው።

ሰሞኑን ሁለት ዘመዶቼ ተራ በተራ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። አንዷ ገንደ ቆሬ ጠባብ ግቢ ነው ያላት። ሌላው ሳቢያን አዲስ ቤት ሠርቶ ገና መግባቱ ነው። ሁለቱም ያሉኝ «ወይን ልትከል ወይስ ዛፍ?» ነው። ለሁለቱ የሰጠሁት መልስ ግን አንድ አይደለም። ብዙ ሰው ይህን የሚወስነው ፍሬ እያሰበ ወይም ጎረቤት ያለውን አይቶ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሰዓቱንና ሜትሩን ቁጠሩ እላለሁ።

ችግኝ ከመግዛት በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ ጥላውን የምትፈልጉት በስንት ሰዓት ነው የሚለው ነው። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ያኔ የሚያስጥለው ከላይ የተዘረጋ ነገር ነው፤ ዳስ ማለት ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ታጋድልና ከዳሱ ሥር ሾልካ ትገባለች። ያን ሰዓት ወንበራችሁን እየጎተታችሁ ግድግዳ ልትለጠፉ ነው። ግድግዳው ራሱ ደግሞ እስከ 12 ሰዓት ሲጋገር ይውልና ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ መኝታ ቤት ይተፋል። ይህችን የማታ ፀሐይ የሚመክታት ቆሞ የሚጋርድ ነገር፣ ማለትም ዛፍ ነው።

ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ነው የምታዘነብለው። ስለዚህ ከቤቱ በስተደቡብ የተተከለ ዛፍ ጥላው በሚያስፈልገን ወራት ለቤቱ ብዙም አይጠቅምም። ዛፍ ከሆነ በምዕራብ በኩል ነው። ቦታ ከተረፈ በምሥራቅም ይጨመር።

ሁለተኛው ቦታው ነው፤ ከመሬት በላይ ያለውም፣ ከመሬት በታች ያለውም። የሽንት ቤት ጉድጓዱ የት ነው? የውኃ ቱቦው በየት በኩል ያልፋል? አጥሩ መሠረት አለው ወይስ ብሎኬቱ እንዲሁ ነው የተደረደረው? ይህን ሳታውቁ ዛፍ አትትከሉ።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ውኃችን ደግሞ ኖራ አለበት። ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ ብታዩት ታችኛው ክፍል ነጭ ቅርፊት ለብሷል። አንዳንድ ተክል ይህን ውኃ አይወደውም። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ የቅጠሉ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሲመጣ ሰው ውኃ ጠማው ብሎ ይጨምርበታል። ችግሩ ግን የብረት ንጥረ ነገር እጥረት ነው፤ ኖራው ተክሉ ብረቱን እንዳይወስድ ያግደዋል። የበሰበሰ ፍግ በብዛት መጨመር ይረዳል።

አራተኛው በዓመት ሁለት ሦስት ቀን መቀስ ይዞ የሚሠራ ሰው መኖሩ ነው። አምስተኛው ደግሞ ቤቱ የማን ነው የሚለው ነው። ተከራይ ለአከራይ ዛፍ ሲያሳድግ ቢኖር ነውር የለበትም፤ ግን አውቆ ይግባበት።

የወይን ዳስ

ወይን በጥሩ ቦታ ከተተከለና ከተገራ በ2 ዓመት ዳሱን መሸፈን ይጀምራል። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ዓመት ያፈራል። አንድ ግንድ ሲጎለምስ 12 ካሬ ሜትር ያህል ያለብሳል። ይህ ማለት አንድ ምንጣፍ፣ ጥቂት ፍራሽ፣ የቡና ረከቦት እና አምስት ስድስት ሰው ነው። ለጠባብ ግቢ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ሥሩ ግድግዳ አይሰነጥቅም። የሚይዘው መሬት አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው፤ የተቀረው ከላይ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ወይን ይቆረጣል፤ ስንቆርጠው ዳሱ ራቁቱን ይቀራል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት መጨረሻ ከተቆረጠ፣ ዳሱ ባዶ የሚሆነው በኅዳር ነው። ያኔ ድሬ ቀዝቀዝ ስለምትል ጠዋት ፀሐይ መሞቅ ራሱ ደስ ይላል። ፍሬው በ4 ወር ገደማ በደረቁ ወቅት ይደርሳል፤ ዝናብ ስለማያገኘው አይበሰብስም። ግንቦት ሲመጣ ደግሞ ቅጠሉ ሞልቶ ይጠብቃችኋል።

ችግሩ ብዙ ሰው አይቆርጥም፤ ያሳዝነዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን አንድ ቀን በአጥር አሻግረው ወይናችንን አዩትና መቀሳቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ገመድ እንጂ ወይን አይደለም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እንዳይደርቅብኝ ፈርቼ ነው።»

«አይደርቅም፣ አይዞህ። ፍሬ የሚይዘው ከአምናው ቅርንጫፍ የሚወጣው አዲሱ ቡቃያ ነው። አሮጌውን ሁሉ ከተሸከመ ምን ጉልበት ይኖረዋል?»

እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ከሁለት ከሦስት ዓይን በላይ አላስቀሩለትም። ዳሱ ላይ የቀረው ደረቅ እንጨት የሚመስል ነገር ነው። በማግስቱ ጠዋት ከእያንዳንዱ የተቆረጠ ጫፍ ጥርት ያለ ውኃ ጠብ ጠብ ሲል አገኘሁት። ደንግጬ ጠራኋቸው። «በሕይወት አለ ማለት ነው» ብለው ሄዱ። ሳምንታት ሳይቆይ ዓይኖቹ አበጡ፣ ከዚያም ጥጥ የመሰለ ነገር ለብሰው ፈነዱ። በዚያው ዓመት ነው የመጀመሪያውን ዘለላ ያየነው።

አሁን ወደ ወጪው። ችግኙ ርካሽ ነው፤ ወዳጅ ቤት ካለ እንዲያውም ከተቆረጠው እንጨት ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለውን መርጦ መትከል ይበቃል። ገንዘብ የሚበላው ዳሱ ነው። አጠና አታቁሙ። ምስጥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሥሩ ይበላውና፣ ወይኑ በደንብ ሲሸፍን ጠብቆ ይወድቃል። ባለ 2 ኢንች የብረት ቱቦ አራት እግር ብየዳ ቤት አሠሩ፤ እግሩን በሲሚንቶ ትከሉ፣ ከላይ ወፍራም ሽቦ በየ40 ሳንቲሜትሩ ወጥሩ። ከፍታው ከ2 ሜትር ከ30 እስከ 2 ሜትር ከ50 ይሁን። ዝቅ ካለ አየር አይገባውም፤ ከፍ ካለ ለመቁረጥ መሰላል ነው።

ውኃ ላይ ወይን ምስኪን አይደለም። 12 ካሬ ሜትር የሸፈነ ወይን በግንቦት ሙቀት በቀን ከ1 እስከ 2 ጀሪካን ይጠጣል። ሥሩ ጥልቅ ስለሚሄድ ጥቂት ቀን ቢረሳ አይሞትም፤ ፍሬው ግን ይጨማደዳል። የሳሙና ውኃ አዘውትራችሁ አታጠጡት። ጨው አይችልም፣ የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል።

በሽታውም ቀላል የሚባል አይደለም። ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነፋ ከመሰለ ሻጋታ ነው። የድኝ ዱቄት ያቆመዋል፤ ግን ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ድኙ ራሱ ቅጠሉን ያቃጥላል። ስለዚህ ቀዝቀዝ ባለ ሳምንት፣ በማለዳ ነው የሚነፋው። ፍሬው ሲቀላ ደግሞ ወፍና ተርብ አለ። እኛ ቤት ያረጀ አጎበር ቀደን ዘለላውን አንድ በአንድ እናለብሰዋለን።

ፓሽን ፍሩት

ለቸኮለና ለተከራየ ሰው ነው። በዓመት ውስጥ አጥር ይሸፍናል፣ ያፈራልም። ዕድሜው ግን ከ4 ወይም ከ5 ዓመት ብዙም አይዘልም። ሐምራዊው ደጋ ቀመስ ነው፤ ድሬ ሙቀት ላይ አበባው ይረግፋል። ለእኛ የሚስማማው ቢጫው ነው። ቢጫው ደግሞ ብቻውን አያፈራም፤ ከሌላ ዘር የበቀለ ሁለተኛ ግንድ አጠገቡ ይፈልጋል። አንድ ብቻ ተክለው «አበባ ብቻ ነው» እያሉ የሚያዝኑ ሰዎችን አውቃለሁ። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ውኃ ማቋረጥ አይቻልም።

ኒም

ኒም ከህንድ በኩል የመጣ ዛፍ ነው፤ ድሬ ላይ ግን ባለቤት ሆኗል። ሙቀት ይችላል፣ ኖራ ይችላል፣ አሸዋ አፈር ይችላል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሳምንት ሁለቴ አንድ ጀሪካን ከሰጣችሁት ከዚያ በኋላ ራሱን ያኖራል። በ3 ዓመት ጣራ ያልፋል። በደረቁ ወቅት ለጥቂት ጊዜ ቅጠል ያራግፍና ወዲያው ይለብሳል፤ ስለዚህ በሙቀቱ ወራት ጥላ አለ ማለት ነው። ውኃው በማይታመን ሰፈር ከዚህ ሌላ አልመክርም።

ከቤቱም ከአጥሩም ቢያንስ 5 ወይም 6 ሜትር ይራቅ። ያን ያህል ሜትር ከሌላችሁ ኒም የእናንተ ዛፍ አይደለም። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ ይጣበቃል፣ የሌሊት ወፍም ይጠራል። መኪና ሥሩ ማቆም አይመከርም። ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ ግድ ነው።

«ኒም ያለበት ግቢ ትንኝ አይገባም» ይባላል። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ዛፉ ስለቆመ ብቻ ትንኝ አይሸሽም። ነፍሳትን የሚያርቀው በዘሩና በቅጠሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ ለዚያም ዘይቱ ሲወጣ ወይም ደረቁ ቅጠል እህል ውስጥ ሲጨመር። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከተማችን በደንጊ ትኩሳት ተመትታለች። በ2022 ደግሞ ወባ ሲያገረሽ፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባ አዲስ የወባ ትንኝ ከወረርሽኙ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ወይን ትከሉ ኒም፣ ለተክል ብላችሁ የምታጠራቅሙበትን በርሜልና ሮቶ ክደኑ።

የድሬዳዋ ዛፍ

ስሙን ከከተማችን የወሰደው ይህ ቀይ አበባ ዛፍ ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። ከዚራ መንገድ ላይ ሲያብብ ያየ ሰው እቤቱ ቢመኘው አይፈረድበትም። አባቴም ተመኝቶ ከአጥሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ተከለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግቢያችን የሰፈሩ ፎቶ ማንሻ ነበር፤ ለሠርግ ለምርቃት ሰው ይመጣል። ከዚያ ሥሩ መጣ። የዚህ ዛፍ ሥር ወደ ታች አይሄድም፤ መሬት ለመሬት ነው የሚሳበው። የግቢውን ሲሚንቶ እንደ ቦካ ሊጥ አነሳው። ቀጥሎ አጥሩ በቁመቱ ተሰነጠቀ፣ መጨረሻ ላይ የሽንት ቤቱ ቱቦ ፈነዳ። ለማስቆረጥና ቱቦውን ለማስጠገን የወጣው ገንዘብ አንድ ጥሩ የብረት ዳስ ያሠራ ነበር። ግንዱ ሲወድቅ እናቴ ላለማየት ወደ ጓዳ ገባች።

በዚያ ላይ በደረቁ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ እናንተ ደረቅ ቅርንጫፍ ሥር ናችሁ። ከቤትና ከአጥር 10 ሜትር የሚርቅበት ግቢ፣ ትምህርት ቤት ወይም መንገድ ዳር ካላችሁ ትከሉት። ለመኖሪያ ግቢ ግን አልመክርም።

ማንጎ

ሁለቱንም እፈልጋለሁ፣ ጥላም ፍሬም ለሚል መካከለኛው መንገድ ማንጎ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው፣ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከዘር የበቀለው እስኪያፈራ 6 ወይም ከዚያ በላይ ዓመት ያስጠብቃል። የተዳቀለው፣ እንደ ኬንት ወይም አፕል ማንጎ ያለው፣ በ3 ወይም በ4 ዓመት ይሰጣል። ስትገዙ ግንዱን እዩት፤ ከሥሩ ጥቂት ከፍ ብሎ የተቀጠለበት ጠባሳ ከሌለ የተዳቀለ አይደለም፣ የፈለገውን ይበላችሁ።

ቅርንጫፉ ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ሥሩ ለመቀመጥ ከታች ከታቹ እየገረዛችሁ ማሳደግ አለባችሁ። ጨው ይጠላል፤ የልብስ ማጠቢያ ውኃ አታፍስሱበት። አንድ ዓመት በደንብ አፍርቶ በቀጣዩ ሊያርፍ ይችላል። ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ የሚያስቀምጥ ተባይ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት የቅጠሉን ፊትም ጀርባም ማየት ግዴታ ሆኗል።

ሽፈራው ቶሎ ያድጋል፣ ጥላው ግን ወንፊት ነው፤ ቅርንጫፉም ነፋስ ይሰብረዋል። ሁመር ድንቅ ዛፍ ነው፤ የሚተከለው ግን ለልጅ ልጅ ነው።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | የወይን ዳስ | ቢጫ ፓሽን ፍሩት | ኒም | የድሬዳዋ ዛፍ | ማንጎ (የተዳቀለ) |
|---|---|---|---|---|---|
| ጥላ የሚሰጥበት ጊዜ | 2–3 ዓመት | 1 ዓመት | 3–4 ዓመት | 4–5 ዓመት | 5–6 ዓመት |
| የሚያስጥልበት ሰዓት | እኩለ ቀን | እንደ አጥሩ አቅጣጫ | ከሰዓት በኋላም | ከሰዓት በኋላም | ከሰዓት በኋላም |
| በግንቦት ቅጠሉ | ሙሉ | ሙሉ | ሙሉ | ሳሳ ያለ፣ አበባ | ሙሉ |
| ከግድግዳ ርቀት | 1 ሜትር ይበቃል | አጥር ላይ | 5–6 ሜትር | 10 ሜትር | 6–8 ሜትር |
| ውኃ ካደገ በኋላ | ብዙ | ብዙና ያልተቋረጠ | በጣም ጥቂት | ጥቂት | መካከለኛ |
| መነሻ ወጪ | ከፍተኛ (ብረቱ) | ዝቅተኛ | በጣም ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| ሥራ | በዓመት መቁረጥ፣ በሽታ መከታተል | መጠምዘዝ፣ ማጠጣት | መጥረግ | መጥረግ፣ ሥር መከታተል | መግረዝ፣ ተባይ ማየት |
| ፍሬ | አለ | አለ | አይበላም | አይበላም | አለ |

ለማን የቱ?

ገንደ ቆሬ ላለችው ዘመዴ ወይን ነው ያልኳት። ግቢዋ 4 በ5 ሜትር ነው፣ ቡናው የሚፈላው ከምሳ በኋላ ነው፣ ልጇም እጁ ለሥራ አይሰንፍም። በአንድ ጊዜ አራት እግር ብረት ካልተቻላት ሁለት እግር አቁማ ሌላውን ጫፍ ከግድግዳው ጋር ታስር። ወጪው ይቀንስላታል። ከምዕራብ በኩል ለሚሾልከው ፀሐይ ከዳሱ ጫፍ ሸራ ወይም ሰሌን ማውረድ ይበቃታል።

ሳቢያን ላለው መጀመሪያ ኒም ነው። ቤቱ ፊቱን ወደ ምዕራብ ሰጥቷል፣ ከግድግዳው እስከ አጥሩ 12 ሜትር አለው፣ ግንባታው ደግሞ ኪሱን አራግፎታል። አንድ ኒም መሃል ላይ፣ ዙሪያውን እሾህ ለፍየል፣ በሳምንት ሁለት ጀሪካን። ገንዘብ ሲያገኝ በረንዳው ላይ የወይን ዳስ ይጨምራል። እኔን ብትጠይቁኝ ቦታ ላለው ሰው የመጨረሻው መልስ ይህ ነው፤ ወይኑ ለቀትር፣ ዛፉ ለማታ። ሲተከሉ ግን ይራራቁ። ወይን የዛፍ ጥላ ካረፈበት ዱቄት መሳዩ ሻጋታ አይለቀውም።

ልጆች ካሉ፣ ውኃውም ከተገኘ፣ ግቢውም ሰፊ ከሆነ ማንጎ። ተከራይ ከሆናችሁ ግማሽ በርሜል ታችውን በስታችሁ ሁለት ፓሽን ፍሩት። አቅመ ደካማ ወላጆች ብቻቸውን ለሚኖሩበት ቤት ወይን አትትከሉ። መሰላል መውጣትና ሽቦ መወጠር እነሱ ላይ ይወድቃል። ኒም ይሻላቸዋል።

ሐረር ላላችሁ ስሌቱ ይለወጣል። እናንተ ከእኛ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ትላላችሁ፤ ጥላ እንደ እኛ የሞት ሽረት አይደለም። ጀጎል ውስጥ ያሉት ግቢዎች በግንብ የታጠሩና ጠባብ ናቸው። እዚያ ትልቅ ዛፍ የዘመናት ግንብ ላይ ሥር መስደድ ስለሆነ አይታሰብ። ሐምራዊው ፓሽን ፍሩት ለእናንተ አየር ነው የተፈጠረው፤ ወይንም ያምራል፣ በዝናቡ ወቅት ግን ሻጋታውን አብዝታችሁ ተከታተሉ።

ተከላው የቱንም ብትመርጡ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይሁን፤ ክረምቱ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል። ጉድጓዱን ከአንድ ወር በፊት 60 በ60 በ60 ሳንቲሜትር ቆፍራችሁ ፀሐይ እንዲመታው ተዉት። ደቻቱ ወንዝ ዳር ላላችሁ፣ አፈሩ አሸዋ ስለሆነ ውኃው እንደ ወንፊት ያልፋል፤ ግማሹን ጉድጓድ የበሰበሰ ፍግ ሙሉት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡት፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ስንት ችግኝ አይቻለሁ። ውኃ ስታጠጡ ደግሞ ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ግንዱ ሥር ሳይሆን አንድ ክንድ ራቅ አድርጋችሁ።